ከአልጋዬ ሥር ያሉት ምሳ ዕቃዎች

ጁባ ውስጥ በነጻ የሚገኘው ወባ ብቻ ነው እያልኩ ነው የኖርኩት። ስለዚህ እግሬ ተሰብሮ የተኛሁ ሰሞን አንዲት የማላውቃት ረጅም ሴት የቆርቆሮ በሬን ገፍታ ገብታ፣ ክዳኑ የተዘጋ ምሳ ዕቃ ወንበሬ ላይ አስቀምጣ ስትወጣ፣ በአፌ የመጣው "እግዜር ይስጥልኝ" አልነበረም። "ይቺ ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?" ነበር ያልኩት።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እኔ አንዴ ተመንጥሬያለሁ። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ አጠገብ ምግብ ቤት ነበረኝ። ቤቱን ያከራየኝ ሰውዬ "እህቴ፣ እህቴ" እያለ ምሳውን እኔ ዘንድ ሲበላ ከረመ። ደንበኞቼ እነማን እንደሆኑ፣ ሥጋ ከማን እንደምገዛ ካጠና በኋላ ኪራዩን በዶላር አድርጎ አስወጣኝ። ብዙም ሳይቆይ እዚያው ቤት ውስጥ የራሱን ምግብ ቤት ከፈተ። ለኔ የቀሩኝ ድስቶቼ ናቸው፤ ለሰርግ የሚበቁ፣ ወፍራም፣ አንዱ ሌላው ውስጥ የሚገባ የአልሙኒየም ድስቶች። ኒምራ ታላታ የሚባል ሰፈር ወደተከራየኋት አንድ ክፍል አምጥቼ ከግድግዳው ጋር ደረደርኳቸው። ድስት ያላት ሴት ነገ ቤት ካገኘች ትነግዳለች፤ ድስቷን ያጣች ግን አለቀላት። ይህን እያሰብኩ ቤት ፍለጋ ስዞር ነው ቦዳቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ጭቃ ውስጥ የገለበጠኝ።

ያገርሽ ሰዎች የት ሄዱ ትሉኝ ይሆናል። በነሱ አልፈርድም። እኔ ነኝ ለሐበሻ ቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ደውዬ ለሕክምና አዲስ አበባ ልሄድ ነው ብዬ የዋሸሁት። ትናንት ደግሼ ያበላኋቸው ሰዎች ዛሬ እንጀራ ጠቅልለው መጥተው ከንፈር ሲመጥጡልኝ ማየት አልፈለግሁም። ከዚህስ ረሃብ ይሻለኛል ብዬ ስልኬን ዘጋሁ። ረሃብ ግን የሚሻለው ከሩቅ ሲያዩት ነው።

ምሳ ዕቃውን ከፈትኩት። አሲዳ ነው፤ የማሽላ ገንፎ በሉት። ጎኑ ላይ ኩድራ የሚሉት የሚያሙለጨልጭ ቅጠል በደረቅ ዓሣ ተሠርቶ ጣል ተደርጎበታል። ቀኑ ዓርብ ነበር። ዓሣ ለጾም ይፈቀዳል፣ አይፈቀድም የሚለውን ክርክር ዕድሜዬን ሙሉ ሰምቻለሁ፤ የዚያን ቀን ሆዴ ፈረደው። ቢሆንም መጀመሪያ ትንሽ ቆርሼ ለጎረቤት ድመት ጣልኩላት። ድመቷ በላች፣ አፏን ላሰች፣ ጨምሪልኝ ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ነው እኔ የበላሁት።

ሴትዮዋ በማግስቱም መጣች። ከገበያ በለቃቀምኳት ዓረብኛ ማን እንደላካት ጠየቅኋት። "ሴቶቹ" አለች። የትኞቹ ሴቶች? የሰፈሩ። ቀስ በቀስ ነገሩን ከአፏ አወጣሁት። ትልልቆቹ የእርዳታ ድርጅቶች የሚያድሉትን እህል እየቀነሱ ሲመጡ የሰፈሩ ሴቶች ተሰባስበው አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ማብሰል ጀምረዋል። እያንዳንዷ ከቤቷ አንድ ጣሳ ዱቄት ታመጣለች። የኮንዮ ኮንዮ ነጋዴዎች ያደረ ቲማቲምና የጠወለገ ቅጠል ይሰጣሉ። ከሰል የሚሸጥ አንድ ሰው አለ፣ ስባሪውን ይተውላቸዋል። መራመድ የሚችል እዚያው ሄዶ ይበላል፤ መራመድ ላልቻለ በምሳ ዕቃ ይላክለታል።

ይህን ስሰማ ደስ ሊለኝ ሲገባ ጥርጣሬዬ ባሰ። አንድ ጣሳ ዱቄት ከልጆቿ አፍ ነጥቃ ለባዕድ የምታበላ ሴት አለች ብሎ ማን ያምናል? ከጀርባቸው አንድ ድርጅት ይኖራል አልኩ። አንድ ቀን ካሜራ ይዘው ይመጣሉ፣ ሐበሻዋ ተረጂ ብለው ፎቶዬን የሆነ ቢሮ ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። እሷ የምትመጣበት ሰዓት ሲደርስ ፀጉሬን አበጥሬ፣ ፊቴን የምሸፍንበትን ነጠላ ትከሻዬ ላይ አድርጌ እጠብቅ ነበር። ካሜራ የሚባል አልመጣም። አለመምጣቱ ራሱ ሌላ ጥርጣሬ ሆነብኝ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው።

ከሁሉ የባሰው ጣጣ ግን ምሳ ዕቃው ነበር። ሴትዮዋ አዲሱን አስቀምጣ የትናንቱን ስትጠይቀኝ "ቡክራ" አልኳት፤ ነገ ማለት ነው። በማግስቱም "ቡክራ"። እኔ ባደግሁበት ሰፈር ጎረቤት ምግብ የላከበት ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ቆሎም ቢሆን፣ ሎሚም ቢሆን፣ አንድ ነገር ይደረግበታል። ባዶ ዕቃ መመለስ "ከእንግዲህ ካንቺ ጋር ዕዳ የለኝም፣ በሬንም አታንኳኪ" እንደማለት ነው። ታዲያ ምን ላድርግበት? ቤቴ ውስጥ የቀረችኝ ትንሽ በርበሬ ናት፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ በርበሬ ቀምሰው ውሃ ውሃ ሲሉ በምግብ ቤቴ አይቻለሁ። ጨው ቆንጥሬ ልላክ? ያስቃል። ስለዚህ አንድ ነገር እስካገኝ ድረስ እያልኩ፣ በተቀመጥኩበት በአመድ ፈትጌ፣ አብረቅርቄ፣ ከአልጋዬ ሥር አስቀመጥኳቸው። ምሳ ዕቃዎቹ በዙ። አሁን ደግሞ ያን ሁሉ ዕቃ የሚሞላ ነገር ከየት ይመጣል? በበዙ ቁጥር የምመልሳቸው ቀን ራቀ።

በዚህ መሐል የሴትዮዋ ዓይን ሲዞር አየሁት። ወደ አልጋው ሥር ሳይሆን ወደ ድስቶቼ። አንድ ቀን ምግቡን አስቀምጣ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለችና ትልቁን ድስት በጣቷ ቆርቆር አደረገችው። ድስት የሚገዛ ሰው ነው እንዲያ የሚያደርገው። "አዬ፣ ለካ ለዚህ ነው!" አልኩ ለራሴ። ያኛው ምሳዬን እየበላ ቤቴን ወሰደ፣ እነዚህ ምሳ እያበሉ ድስቴን ሊወስዱ ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ብትሉኝም ግድ የለኝም፤ እኔ ያየሁት እባቡን ነው። የዚያን ቀን ጄሶ ያለበትን እግሬን እየጎተትኩ ድስቶቹን በገመድ አንድ ላይ አሰርኩና የገመዱን ጫፍ ከአልጋዬ እግር ጋር ቋጠርኩት።

ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ምግቡ በፌስታል መጣ።

በፌስታል! አሲዳው በአንዱ፣ ወጡ በሌላው፣ ቋጠሮው በአፍ የተሳበ። ሴትዮዋ ዓይኔን ሳታይ አስቀምጣው ወጣች። ስንት ሰው በሸክላ ሳህን ያበላሁ ሴት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በፌስታል ሲላክልኝ ደሜ ፈላ። አልበላም ብዬ ገፋሁት። ትንሽ ቆይቼ በላሁት፤ ሆድ ባዶ ይጠላል። እየበላሁ ግን አለቀስኩ። የናቁኝ መሰለኝ፣ መናቃቸውም ተገቢ መሰለኝ፣ እሱ ይበልጥ አናደደኝ።

በማግስቱ የመጣችው ሌላ ሴት ናት። ሞላ ያለ ሰውነት ያላት፣ ጎልማሳ፣ ግንባሯ ላይ የጎሳዋ ጠባሳ ያለባት። የሴቶቹ መሪ እሷ ነበረች። በሩ ላይ ቆማ "እትዬ፣ እንዴት ነሽ?" ስትለኝ ደነገጥኩ። ጋምቤላ ስደተኛ ካምፕ ነው ያደገችው፤ አማርኛዋ አንቱታ ባያውቅም ከብዙ ሰው የተሻለ ነው። ከውጭ ወንበር ስባ ገባችና እግሬን፣ እንቅልፌን፣ ሕመሙን በየተራ ጠየቀች። እኔም በሆዴ፣ ነገሩን ለማለስለስ ነው፣ አሁን ወደ ድስቱ ትመጣለች እያልኩ መለስኩላት።

እሷ ግን የመጣችው ስለ ምሳ ዕቃዎቹ ነበር። መሬት መሬት እያየች ነገረችኝ። ሐበሻዋ ዕቃችንን ኮንዮ ኮንዮ ወስዳ ትሸጣለች የሚሉ ሴቶች አሉ። እሷ አላመነችም፤ በዚህ እግርሽ ገበያ አትሄጂም ብላ ተከራክራለች። ነገር ግን ዕቃው አለቀባቸው። ከኔ ቤት ጀርባ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አሉ፤ ሌላ ሰው በልቶ ምሳ ዕቃው እስኪመለስ ድረስ ምሳቸውን ይጠብቃሉ። አንዳንድ ቀን ተራው ሲደርሳቸው ድስቱ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ጎንበስ ብዬ በክራንቼ ምሳ ዕቃዎቹን ከአልጋው ሥር አንድ በአንድ ገፋሁላት። ሁሉም ታጥበው ያብረቀርቃሉ። ሴትዮዋ አየቻቸው፣ ክዳኖቹን ከፈተች፣ ምንም አልነበረባቸውም።

"ለምን ደበቅሻቸው?" አለችኝ።

"አልደበቅሁም። ባዶ ዕቃ እንዴት ልመልስ? የማደርግበት ነገር አጣሁ።"

ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ የሚያሾፍ ሳቅ ግን አልነበረም። ካምፕ አጠገብ የነበረች አንዲት ሐበሻ ጎረቤታቸው የመሪዋን እናት ሳህን ስትመልስ ሁልጊዜ ቆሎ ታደርግበት እንደነበር ነገረችኝ። ልጆቹ ሳህኑን በሩጫ ተቀብለው ይሻሙበት ነበር። እናቷ ደግሞ ይቺ ሴት ምግባችንን አትወደውም መሰለኝ፣ በምትኩ የራሷን ትልካለች እያለች ትብሰለሰል ነበር።

"እትዬ፣ እኛ እዚህ የምንፈልገው ባዶውን ነው" አለች። "ባዶው ካልመጣ ነገ በምን እንላክ?"

አፈርኩ። ማፈር ደግሞ ሁልጊዜ ያናድደኛል፣ ስለዚህ የያዝኩትን አወጣሁት። እሺ፣ ይህስ ይሁን፣ ያቺ ረጅሟ ሴት ድስቴን የምትቆረቁረው ለምንድን ነው አልኳት። ከድስቱ እስከ አልጋዬ እግር የተዘረጋውን ገመድ አየችው። መቼም ትክደኛለች ብዬ ነበር፤ አልካደችም።

"መጀመሪያ የመጣነው ለድስቱ ነው" አለች። ምግብ ቤት የዘጋች ሐበሻ ትልልቅ ድስት አላት ሲባል ሰምተው፣ እንዋሳት ብለው ነው ያቺን ሴት የላኩት። የነሱ ድስት ትንሽ ነው፣ ሰልፉ አያልቅም። ሴትዮዋ ገብታ ስታየኝ እግሬ ተሰቅሏል፣ ማንደጃዬ ቀዝቅዟል፣ ቤቱ ውስጥ የሚላስ የለም። ተመልሳ "ለተራበ ሰው ድስት አውሺኝ አይባልም" አለቻቸው። መጀመሪያ ትብላ ተባለ። ሲያበሉኝ ሰነበቱና አሁን ደግሞ ስላበላናት ነው የጠየቅናት እንዳይመስል ብለው አፈሩ።

አላልኩም! ድስቱን ፈልገው ነበር! ልክ በመሆኔ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም፤ ከተኛሁ ወዲህ የመጀመሪያው ደስታዬ ነበር። እኔ ባዶ ዕቃ ለመመለስ ሳፍር፣ እነሱ ድስት ለመዋስ ሲያፍሩ፣ ሽማግሌው ምሳቸውን ሲጠብቁ ከረሙ። ይሉኝታ እኛ ሐበሾች ጋ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ገመዱን ለመፍታት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ቋጠሮው ጠብቆ ነው ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እጄ እምቢ ብሎ ነው። ትልቁን ስሰጥ ምግብ ቤቴን በድጋሚ የምዘጋ መሰለኝ። ምሳ ዕቃዎቹን በሙሉ ድስቱ ውስጥ ደረደርኳቸውና "እንኪ፣ አሁን ባዶ አይደለም" አልኳት። ረጅሟ ሴት ተጠርታ መጣች፤ ድስቱን ራሷ ላይ አድርጋ፣ ምሳ ዕቃዎቹ ውስጡ እየተንኳኩ ከግቢ ወጣች። ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ሰማሁት።

በማግስቱ የምሳ ሰዓት ደረሰ። ማንም አልመጣም። ዝናብ ይሆናል አልኩ፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። የምሳ ሰዓት አለፈ። ግድግዳው ላይ ድስቱ የነበረበትን ክብ ምልክት እያየሁ ራሴን ሰደብኩ። አንቺ ሞኝ፣ ሁለቴ ነው የተመነጠርሽው። ከትልቁ ድስት ጋር ሄዱ፣ ምናልባት ከወንዙ ማዶ ሸሪካት ሰፈር ተሻግረው አሁን እየተደራደሩበት ነው። ድመቷ በሩ ላይ መጥታ ተቀመጠች። እሷም የለመደችው ሰዓት አልፎባት ነበር። "ሂጂ፣ አለቀ" አልኳት። ረሃቡን እችለው ነበር። ትናንት ያመንኩት ነገር ነው ያንገበገበኝ።

ፀሐይዋ ጋደል ስትል በሩ ተገፋ። መሪዋ ራሷ ናት። ፊቷ ላይ ጥላሸት አለ፣ ልብሷ ጭስ ጭስ ይላል፣ በእጇ ምሳ ዕቃ ይዛለች። አስቀመጠችና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች።

"ድስትሽ ትልቅ ነው" አለች። "ውሃው አልፈላ ብሎን ዋልን። ግን ዛሬ ሁሉም በላ፣ ሽማግሌውም በልቷል።"

ምሳ ዕቃውን አንስቼ እሷ እያየችኝ በላሁ፤ ለድመቷ ያካፈልኳት መጨረሻ ላይ ነው። ስጨርስ እዚያው በተቀመጥኩበት ዕቃውን በውሃ አለቅልቄ፣ በነጠላዬ ጫፍ አድርቄ፣ ክዳኑን ገጥሜ ባዶውን መለስኩላት።