ባዶዋ ቅጠል

ቆቦ ገበያ አጠገብ ባለችው ሱቄ ውስጥ አሥራ ሁለት መርፌ ያለው የጥልፍ መኪና አለኝ። ቀለም በራሱ ይቀይራል፤ ክር ሲበጠስ ራሱ አውቆ ይቆማል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ካቆመበት ይቀጥላል። መጀመሪያ ያስገባሁት ሰሞን ይህን ለማየት ከጎብዬ ድረስ የሚመጡ ልብስ ሰፊዎች ነበሩ፤ እኔም ሆን ብዬ እያጠፋሁ እያበራሁ አሳያቸው ነበር። ጉረኛ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም።

ጥልፍ ያስተማረችኝ አክስቴ ናት፤ ያሳደገችኝም እሷው። የእሷ መኪና በእግር የሚረገጥ ነው። ጨርቁን በክብ እንጨት ወጥራ፣ በሁለት እጇ ከመርፌው ሥር እያዟዟረች፣ ሐረግና ቅጠሉን ከልቧ እያወጣች ትጠልፋለች። የአንድ ሙሽራ ቀሚስ ደረት ሳምንት ይፈጅባታል። የእኔው መኪና ከምሳ በፊት ሦስቱን ይጨርሳል።

የመጀመሪያ ሥራዬ የእሷን ጥልፍ ኮምፒውተሩ ላይ መጫን ነበር። ሳላስፈቅዳት ነው። ያሠራችው መጥታ እስክትወስደው ተጣጥፎ የተቀመጠ አንድ የሙሽራ ቀሚስ ዘርግቼ በስልኬ አነሳሁት። በግራ በኩል፣ ከሐረጉ ጫፍ ላይ፣ አንዲት ቅጠል ዙሪያዋ ብቻ ተሰፍቶ ውስጧ ባዶ ነበር። በሌሎች የሙሽራ ቀሚሶቿ ላይም አይቻት አውቃለሁ፤ ክር አልቆባት ወይም ዐይኗ ደክሞ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «ይቺ ለምን ቀረች?» ብዬ አለመጠየቄ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ኮምፒውተሩ ላይ ቅጠሏን አረንጓዴ ሞላኋትና ጎደሎ ያስተካከልኩ መሰለኝ።

ከዚያ ማን ይቻለኝ! ቀሚሱ ከቆቦ እስከ ዋጃ ተሸጠ። አክስቴ ዘንድ የሚያሠሩት እየቀነሱ መጡ፤ እሷ ግን አልተቀየመችኝም። «አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ» ትለኝ ነበር።

የሴት ልጇ ሠርግ፣ ኒካው፣ ሲደርስ ቀሚሱን እኔ ካልሠራሁ አልኩ። ልጅቷ እህቴ ማለት ናት፤ አብረን ነው ያደግነው። አክስቴ ወደ ሳጥኗ አየት አድርጋ «እንግዲህ፣ አንተ ካልክማ» አለች። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ከሠርጉ በፊት ሴቶቹ እጅ የሚያቀላውን እንሶስላ በሚሞቁበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቀሚሱን ይዤ ሄድኩ። ያ የሴቶች ቀን ነው፤ ወንድ ገብቶ አይቀመጥም። እኔ ግን ቀሚሱ ሲዘረጋ ለማየት ጓጉቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ሴቶቹ እልል አሉ። አክስቴ አረንጓዴ ክር የገባበት መርፌ አውጥታ ለልጇ ሰጠቻት። ልጅቷም ቀሚሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ደረቱን በጣቷ ትዳስስ ጀመር፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ።

«እማ፣ የኔ ቅጠል የቷ ናት?»

አክስቴ ጎንበስ ብላ አየች። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ «ኧረ እሷንማ ሞላኋት! ጎድላ ነበር እኮ» አልኩ።

 አንዲት ጎረቤታችን «አንተዬ፣ ጎድላ አይደለም እኮ» አለችኝ። «ሙሽራዋ እንሶስላ ሳትነካ በገዛ እጇ የምትሞላት ናት። አክስትህ የጠለፈችልን ሁላችንም ሞልተናል።»

አክስቴ መርፌውን ከልጇ እጅ ቀስ ብላ ተቀበለች። «ምንም አይደል፣ ወንድምሽ ሞልቶልሻል» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አላህ ይባርክህ» ብላ መረቀችኝ። ልጅቷ ፈገግ ለማለት ሞከረች። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ልጅቷ ዋጃ አግብታ ሄደች፤ አሁን ልጅም ወልዳለች። በቀደም አክስቴ ከሳጥኗ መቀስ እንዳመጣላት ላከችኝ። ከሳጥኑ ሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ቀሚስ አገኘሁ። የእጇ ሥራ ነው፤ ሐረጉ ግን ለማንም ስትሠራው አይቼው የማላውቀው ዓይነት ነው። ሁሉም አልቋል። በግራ በኩል አንዲት ቅጠል ብቻ ባዶ ናት፤ አጠገቧ ያ መርፌ ከነአረንጓዴ ክሩ ተሰክቷል።

ይዤው ወጣሁ። «ይሄ የእህቴ ነበር?»

«የሷ ነው። ገና ልጅ ሳለች ነው የጀመርኩት።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አላወጣሽውም?»

«በዚያ ሁሉ ሴት ፊት አንተን ላሳፍርህ?» አለችኝ፣ ቆጣ ብላ። «በል አሁን መቀሱን አምጣ።»

ቀሚሱን እንደነበረው ጠቅልዬ መለስኩት፤ መርፌውን አልነቀልኩትም። ሱቅ ስመለስ ኮምፒውተሩ ላይ ያቺን ቅጠል ባዶ አደረግኳት።

ትናንት አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን መልሳ አመጣችው። «ይቺ ጎድላለች፣ ሙላልኝ» አለችኝ። ላስረዳት ሞከርኩ፤ ቸኩላለች፣ ባጃጁ ውጭ ቆሟል። መኪናው ላይ ወጠርኩና ሞላሁላት።