በእኛ ዘመን የሞላሁት ሰዓት

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ሦስት ጊዜ ንስሐ ገብቻለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጾም መሻርና ስለ ሐሜት አውርቼ ይህን አንዱን ውጬው ተመልሻለሁ። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ፤ እንዳታዝኑልኝ ግን።

ፍኖተ ሰላም ላይ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ ተማሪዎቻቸው የኔታ ይሏቸዋል፣ እኔም እንዲሁ። ቅኔ አንድ ጊዜ ከተዘረፈ አይደገምም፤ እሳቸውም በወረቀት አያሰፍሩትም ነበር። በስተርጅና ግን ተማሪዎቼ ይማሩበት ብለው ድምፃቸውን በትንሽ መቅረጫ መቅረጽ ጀመሩ። በሞላ ቁጥር በሚኒባስ ያመጡልኛል። እኔ መጠባበቂያ ቅጂውን ወደ ሃርድ ዲስኬ ባክአፕ አደርግና ሚሞሪውን አጽድቼ እመልስላቸዋለሁ።

አንድ ቀን የመቅረጫውን ሰዓት አሳዩኝና፣ «የፈረንጁን ቀን ምን ላድርገው ልጄ? በዓሉን የማውቀው በእኛ ነው፤ በእኛ አድርግልኝ» አሉኝ። አደረግሁላቸው። እኔው ነኝ ያደረግሁት። የእኛና የፈረንጅ ወር ስለማይገጥም በየወሩ ሲዛነፍ የማስተካክለውም እኔው ነበርኩ።

አሁን ጥፋቴን ስሙ። ባክአፕ የሚያደርግልኝ ፕሮግራም ሁሉንም ፋይል ሁልጊዜ አይቀዳም፤ የፋይሉን ቀን ያይና ካለፈው ቅጂ ወዲህ የመጣውን ብቻ ይወስዳል። የኔታ ትናንት በቀረጹት ላይ የተጻፈው ቀን ደግሞ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው። ፕሮግራሙ አሮጌ ነው ብሎ ያልፈዋል። ይህን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር እንጂ፤ እንጀራዬ እኮ ነው። ሥራውን ሲጨርስ «አዲስ ፋይል፦ ዜሮ» ብሎ ይጽፍልኛል። አየሁት። ደጋግሜ አየሁት። ደንበኛ ቆሞብኝ ነበር ልበል? መብራት ሊሄድ ነው ብዬ ቸኩዬ ነበር ልበል? አይቼ አለፍኩት፤ ሚሞሪውንም በእጄ አጠፋሁት።

ፎልደሮቹ አታለሉኝ እያልኩ ራሴን ሳባብል ከርሜያለሁ። በየጊዜው አዲስ ፎልደር ይከፈታል፣ ሳየውም ሙሉ ነው። ሙሉ የሆነው ግን ሰዓቱን ከመቀየሬ በፊት በተቀዱት በድሮዎቹ ነው። ፕሮግራሙ ያልተለወጠውን እንደገና አይቀዳም፤ ዲስኩ ላይ ላለው ለዚያው ለአንዱ ፋይል ሌላ ስም ሰጥቶ በአዲሱ ፎልደር ያሳየዋል። እኔ የዓለም ስምና የክርስትና ስም ስላለኝ ሁለት ሰው አልሆንም፤ ያም እንዲሁ ነው። እያወቅሁ ለየኔታ የፎልደሮቹን ብዛት አሳየሁና፣ ሃያ ቦታ ተቀምጦልዎታል ብዬ ጉራ ነፋሁባቸው። እሳቸውም አምነው መረቁኝ።

ለደብሩ ክብረ በዓል የተቀኙትን ለተማሪዎቻቸው ሊያሰሙ ፈልገው የመጡ ዕለት ዲስኩን በረበርኩት። የአንድ ዓመት ድምፅ የለም። ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። የኔታ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወንበሩ ላይ ይጠብቃሉ። እውነቱን ለመናገር ምን ያህል ቃል ይፈጅብኝ ነበር? እኔ አጠፋሁት ማለት ብቻ ነበር። እኔ ግን አዋቂ የተባልኩበትን ስሜን ወደድኩ።

«የኔታ፣ ሳያውቁት ተጭነው አጥፍተውት ይሆናል» አልኳቸው።

እጃቸውን አገላብጠው አዩት።

«እጄ አርጅቷል ማለት ነው። በከንቱ አደከምኩህ ልጄ፤ ይቅር በለኝ» አሉኝ።

መቅረጫውን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውት ወጡ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቅኔ አልቀረጹም፤ ባለፈው ክረምት አረፉ። በቀብራቸው ላይ ተማሪዎቻቸው፣ ያን ሁሉ ቅኔ በስህተት እሳቸው ራሳቸው አጠፉት ብለው እየተቆጩ ሲያወሩ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ያን ጊዜም አፌን አልከፈትኩም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ? በሞተ ሰው ላይ የማላክክ!

ፕሮግራሙ የታዘዘውን ሠራ። የኔታ የአገራቸውን ቀን ጠየቁ፤ ምን አጠፉ? ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታ የጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ይቅር ብዬዎታለሁ» አልኳቸው።