የሁለት ዘበኞች ዕድሜ

ለችግኝ የሚሆን አፈር በከረጢት ስሞላ ዘጠኝ ዓመት ከቆየሁ በኋላ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት የሠራተኛ አስተዳደር ሆነሻል ተባልኩ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰው ሹመት ሲሰጠው ከመደሰቱ በፊት ዞር ዞር ብሎ ኋላውን የሚያይበት ጊዜ። እኔማ ድሮም ፈሪ ነኝ። በር ሲንኳኳ ልቤ ይወርዳል፤ ሳይንኳኳ ሲቀርም «ምነው ዛሬ ዝም አሉ?» እላለሁ። አባታቸው የሞተባቸው አራት ልጆች አሉኝ። አንድ ጥፋት ባጠፋ ማን ያሳድጋቸዋል የሚለው ሐሳብ ጠዋት ከእኔ ጋር ይነሳል፣ ማታ ከእኔ ጋር ይተኛል።

የምሠራበት የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነበር። አርባ ያህል ሠራተኞች ነበርን። የቀድሞው የሠራተኛ አስተዳደር ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በአንድ ትልቅ ስብሰባ ላይ «የሠራተኛው ጉዳይ በሠራተኛው እጅ መሆን አለበት!» ብሎ ተጨብጭቦለት ስለነበር፣ ቃሉን የሚሞላበት ሰው ፈለገ። አፈር ከምንሞላው ሴቶች መካከል መሠረተ ትምህርት ጨርሳ የምስክር ወረቀት የተቀበለችው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ እኔ አልችልም» አልኩት።

«ትችያለሽ።»

«የማነበው እኮ ቀስ ብዬ ነው።»

«መሥሪያ ቤቱም የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው» አለና ቁልፉን ሰጠኝ። አልሳቀም፤ እኔም አልሳቅኩም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቅ ነበሩ። ሰው ወደ ቢሮ ሲገባ ብድግ እላለሁ። የገባውም ሰው ኃላፊ ፊት ነኝ ብሎ አይቀመጥም። እንዲሁ ፊት ለፊት ቆመን እንነጋገራለን። አብራኝ ስንት ዓመት አፈር የሞላች ጓደኛዬ የሕመም ፈቃድ ልትጠይቅ መጥታ፣ «ኧረ በፈጠረሽ ተቀመጭና እኔም ልቀመጥ፤ ያመመኝ እግሬን ነው!» አለችኝ። ስልኩ ሲጮህ ደግሞ ወጥቼ ደጅ እቆም ነበር፤ ቢሮው ውስጥ ሰው እንደሌለ ለደወለው እንዲገባው።

የማውቀው ችግኝ ነው፤ ስለዚህ በማውቀው ሠራሁ። የበቀለ ችግኝ ከመደቡ ወጥቶ ወዲያው ፀሐይ ላይ ቢጣል ይጠወልጋል፤ መጀመሪያ ጥላ ሥር ይቆያል። አዲስ ሰው ሲቀጠርም ወዲያው ዶማ አስይዤ ዳገት አልሰደውም። ሁለት ሳምንት ቀላል ሥራ ላይ አቆየዋለሁ፣ ከማን አጠገብ ቢሆን እንደሚስማማው አያለሁ፣ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። ጥቂት ቀን ሠርተው የሚጠፉት አዲሶች ቀነሱ። ሥራ አስኪያጁ «ይህን ከየት ተማርሽው?» ሲለኝ፣ ጥፋት መስሎኝ «ከየትም» አልኩት።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ወንበሩን ልለምደው ስል፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ መጣ። የእያንዳንዱ ሠራተኛ የሕይወት ታሪክ በቅጽ ተሞልቶ ይላክ፤ ዝርዝሩም ከነዕድሜውና ከነትውልድ ወሩ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ስም ጻፍኩ፤ ቀላል ነው። የትውልድ ቦታም ጻፍኩ። የትውልድ ዘመን ላይ ስደርስ ቆምኩ። በእኛ ጣቢያ ሰው ክርስትና የተነሳበትን ቤተ ክርስቲያን ያውቃል፣ ክርስትና ያነሳውን ሰው ያውቃል፣ የዚያን ቀን ምን እንደተበላ እንኳ ያውቃል። ዓመቱን ግን የሚያውቅ የለም። እኔም ወደ ኋላ እየቆጠርኩ መገመት ጀመርኩ።

ሁለት ዘበኞች ነበሩን። የቀኑ ረጅም ነው፣ የማታው አጭር። ሁለቱም እዚያው እንጦጦ ላይ፣ አንድ ሰፈር የተወለዱ ናቸው። ጠዋት ሲረካከቡ አንድ ላይ መጡልኝ።

«ጋሼ፣ የተወለዱት መቼ ነው?» አልኩት ረጅሙን።

«ጣሊያን ሲገባ የአባቴን ስንቅ ተሸክሜ ተከትያለሁ» አለ ደረቱን ነፍቶ።

አጭሩ ሳቀ። «ስንቅ? ያኔ አንተ ራስህ ታዝለህ ነበር!»

«እኔን ነው አንተ የምትለኝ?»

«ታዲያ ማንን ልበል? በሩን?»

«ታላቅህን አንቱ በል!»

«ማን ነው ታላቁ? ጣሊያን ሲገባ እኔ ጢም አውጥቻለሁ!»

«እኔ ሚስት ታጭታልኛለች!»

«እኔ አግብቼ ፈትቻለሁ!»

መሐላቸው ሆኜ በጣቴ እቆጥራለሁ። ረጅሙ ሃምሳ ስምንት፣ አጭሩ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ረጅሙ ስልሳ፣ አጭሩ ስልሳ አንድ። እነሱ ሲጨምሩ እኔ እየሰረዝኩ እጽፋለሁ። ተዉ እንዳልላቸው አንዱ የዕድራችን ዳኛ ነው፣ አንዱ የዕድሩ ድንኳን ተካይ። የአንዱን ዕድሜ ቀንሼ ነገ ብሞት ማን ይቀብረኛል?

ወሬው ተሰማ። ከአትክልተኞቹ አራት ሸምገል ያሉ ሰዎች «ለእነሱ ስልሳ ከተጻፈ እኛ የማን ታናሽ ነን?» ብለው መጡ። ለእነሱም ጨመርኩላቸው። ዕድሜ ከኪሴ አይወጣ።

ያላወቅኩት አንድ ነገር ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ሃምሳ አምስት ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። በእኛ ሰፈር ሰው ሥራ የሚያቆመው ጉልበቱ ሲከዳው ስለሆነ፣ ይህን የነገረኝ አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ዋናው መሥሪያ ቤት ነገረኝ። ስማቸው የተዘረዘረ ስድስት ሠራተኞች በወሩ መጨረሻ ይሰናበቱ ይላል ደብዳቤው።

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው። «ስድስት ሰው! ሁለቱም ዘበኞች! ጣቢያውን ጅብ ይጠብቀው?»

«እነሱ ያሉኝን ነው የጻፍኩት፣ ጓድ።»

«ይህ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ? አሻጥር ይባላል! እስከ ዓርብ የስድስቱንም ዕድሜ በምስክር አስተካክለሽ አምጪ። አለዚያ አጥፊዋን ስም ጠርቼ ነው የምጽፈው።»

አሻጥር! ቃሉን በሬዲዮ ነበር የማውቀው፤ ያ ቃል የተጠራበት ሰው ከዚያ በኋላ ሲጠራ አይሰማም። ቤቴ ገብቼ ትልቋን ልጄን ጠራኋት። «ሽሮው በትልቁ ጣሳ ነው። በርበሬው አልጋ ሥር ነው። ትንሿ ማር ካላሳየሻት መድኃኒት አትውጥም።»

«እማዬ፣ የት ልትሄጂ ነው?»

«የትም። እንዲያው እወቂው ብዬ ነው።»

በማግስቱ፣ እስር ቤት ብርድ ነው ሲባል ስለሰማሁ፣ ሁለት ሹራብ ደርቤ ጋቢዬን ተከናንቤ ሥራ ገባሁ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሥራ አስኪያጁ አየኝና «ወባ ነው?» አለኝ።

አራቱ አትክልተኞች አላስቸገሩኝም። ጡረታ የሚለውን ሲሰሙ ባንድ ጀምበር ከአሥር ዓመት በላይ ወጣት ሆኑ። «እኔ እኮ የታላቅ ወንድሜን ነው የነገርኩሽ» ያለኝም አለ። ምስክራቸውን ይዘው ከቀበሌ ማኅተም አስመትተው መጡ።

ዘበኞቹ ግን ወይ ፍንክች።

«እሱ ይቀንስና እኔ እቀንሳለሁ» ይላል ረጅሙ።

«ታላቅ ቀድሞ አይቀንስም» ይላል አጭሩ።

የሁለቱንም ልደት የሚያውቅ በሕይወት ያለ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የአጭሩን የክርስትና ድግስ የሠሩ፣ ለረጅሙ እናት ደግሞ የጎን ጎረቤት የነበሩ አሮጊት። ቤታቸው እንጦጦ አናት ላይ ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁለቱን ዘበኞች ይዤ ወጣሁ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ፣ እኛ እያለከለክን እንወጣለን። ሁለቱ ጎን ለጎን አይሄዱም፤ አንዱ አንድ እርምጃ ሲቀድም ሌላው ሁለት ይቀድማል። በዚህ ዓይነት እኔ ሳልደርስ እነሱ ሮጠው ደረሱ።

አሮጊቷ ዓይናቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው ግን ደህና ነው። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«ማነው ይሄ ረጅሙ? ያ ንፍጣሙ ነው?» አሉ።

ረጅሙ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። አጭሩ አፉን በጋቢው ሸፈነ።

«አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል? እስከ ስንት ዓመትህ ምንጣፍ ታበሰብስ የነበርክ!»

«እማማ» አልኩ ፈጠን ብዬ፣ «ለመንግሥት ወረቀት ነው። ዕድሜያቸው ስንት ይሆናል?»

«ከጃንሆይ በፊት የነበሩት ንግሥት ባረፉበት ዓመት ነው የተወለዱት፤ ሁለቱም። በዚያ ዓመት የሞተውንም የተወለደውንም አልረሳም።»

ቆጠርኩ። ሃምሳ ሦስት! ደስ ብሎኝ እልል ልል ነበር። ወረቀቱን አውጥቼ ዓመቱን ጻፍኩና አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ አስፈረምኳቸው። ወሩ ክፍት ነበር። በዚያው ብንመለስ ኖሮ ምንም አልነበረም። አጭሩ ግን አላስቻለውም።

«እማማ፣ ማን ይቀድማል?»

አሮጊቷ ሳቁ። «የአንተን ክርስትና የደገስኩ ቀን እኮ የዚህ እናት ድግሱን ጠራርጋ በላችው! ምነው ስንላት፣ ሁለት ነፍስ ነኝ አለች። ይሄ ረጅሙ ያኔ ሆዷ ውስጥ ነበር።»

ስንወርድ ረጅሙ ከኋላ ቀረ፤ ትከሻው ወርዶ የአጭሩን ያህል ሆኗል። ዘወር ብዬ ጠበቅኩት።

«ስልሳ ነው ያልኩሽ፤ ስልሳ ብለሽ ተይው» አለኝ።

«ጋሼ፣ ጡረታ እኮ ነው! በጡረታ ስድስት ልጅ እንዴት ሊያሳድጉ ነው?»

«እግዜር ያውቃል። የሱ ታናሽ ተብዬ ሰሌዳ ላይ ከምለጠፍ፣ ታላቅ ሆኜ ቤቴ ልቀመጥ።»

ለመንኩት። አለቀስኩም። ስለ እሱ ልጆች ይሁን ስለ እኔ ልጆች አላውቅም፤ ዓርብ ነገ ነው። ረጅሙ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። አጭሩ ፊት ፊት ሄዶ ነበር፤ ቆመ፣ መሬቱን በዱላው ወጋ ወጋ አደረገ፣ ተመለሰ።

«አንቺ ልጅ፣ ወሩ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም።»

«የሱን መስከረም በይ። የኔን ግንቦት።»

«እማማ እኮ...»

«እማማ ሰሌዳ ለማንበብ ከተራራ አይወርዱም። ጻፊ! ይሄ ሰውዬ ቤቱ ቢቀመጥ እኔ ጠዋት ጠዋት ከማን ጋር ልጣላ ነው?»

በመንግሥት ወረቀት ላይ አውቄ ውሸት ጽፌ አላውቅም። ጋቢዬን ጉልበቴ ላይ አጥፌ፣ ወረቀቱን በላዩ ዘርግቼ፣ መስከረም ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ግንቦት ብዬ ጻፍኩ። የሠራተኛ አስተዳደር የሆንኩት እዚያ ድንጋይ አጠገብ ይመስለኛል።

«ግን ስማ» አለ አጭሩ፣ «ታላቅነትህ ለወረቀት ነው። በር ላይ አንቱ ትለኛለህ።»

ረጅሙ ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ዱላውን አነሳ። «ይቅደሙ» አለው ዓይኑን ወደ ዛፎቹ አድርጎ።

ዓርብ ሥራ አስኪያጁ ወረቀቶቹን አገላብጦ አየ። «ትክክል ነው?»

«ምስክር አለው» አልኩ። ይህም ውሸት አይደለም። ማኅተሙን መታ፣ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ላከው። ስድስቱም ሥራቸው ላይ እንዲቆዩ ተፈቀደ። እኔንም የሚወስደኝ ሰው አልመጣም።

ዝርዝሩ የተለጠፈ ቀን ረጅሙ ከሰሌዳው አልራቀም። ያለፈውን ሁሉ «እስቲ እዚህች ጋ አንብብልኝ፣ ዓይኔን አሞኛል» ይላል። ማታ አጭሩ ሊረከብ ሲመጣ ረጅሙ ኮፍያውን አነሳ።

«እንዴት ዋሉ?»

ከሥራ ለመውጣት የተሰለፈው ሠራተኛ በሙሉ ዞሮ አያቸው። አፈር ከሚሞሉት አንዷ «እንዴ ጋሼ! ታናሽዎን አንቱ ይላሉ እንዴ?» አለችው።

ረጅሙ አንዴ እኔን አየኝ፣ አንዴ አጭሩን። «ታላቅ ሰው» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ታናሹን ማክበር አለበት።»

አጭሩ ሳቁን ይዞ በሩን ከፈተልን።