የሸማኔው ፎቶና የካርድ ሪደሩ

በጋሞ ደጋ ለዘገባ ፎቶ ሳነሳ የማይቀር ደንብ አለ። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም ግን አይዘነጋውም። መጀመሪያ እኔ ሥራዬን እሠራለሁ፤ እጅ፣ መሣሪያ፣ ማሳ፣ ገበያ፣ ዘገባው የሚፈልገውን ሁሉ። ስጨርስ ባለቤቱ «አሁን ደግሞ የቤቱን አንሳኝ» ይላል። ገብቶ የክት ልብሱን ይለብሳል፣ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አይስቅም። ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ መግባት አለበት። ይህ ፎቶ ለግድግዳ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ለለቅሶ ይሆናል፤ ይህንን ግን ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም።

የቤቱ ፎቶ ሁልጊዜ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው። ሾፌሩ ጥሩንባ ሲነፋ፣ ጉሙ ሲወርድ፣ እኔም ልቤ ቀጣዩ ሥራ ላይ ሲሆን።

ከጨንቻ ወጣ ብሎ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ነበሩ። ስለ ሽመና ለሠራሁት ዘገባ ግማሽ ቀን አብሬያቸው ዋልኩ። ሲሠሩ እጃቸውን፣ መወርወሪያውን፣ ድሩን ደጋግሜ አነሳሁ። በመጨረሻ ገብተው ነጭ ጋቢ ለብሰው ወጡና «ልጄ፣ የቤቱንም አንሳኝ» አሉኝ። አንድ ጊዜ ተጫንኩ። የካሜራው ካርድ ሊሞላ ደርሶ ስለነበር እዚያው ቆሜ አውጥቼ በሌላ ቀየርኩትና ወደ መኪናው ሮጥኩ። «አመጣልዎታለሁ» አልኩ እየሮጥኩ።

ከደጋው በታች ባለችው ከተማ፣ ሴቻ ሰፈር ያለው ቢሯችን ውስጥ፣ ያኔ የካሜራ ካርድ ለኮምፒውተር የሚያነብ አንድ ካርድ ሪደር ብቻ ነበረን። ለሁላችን ነበር፤ የሁሉ የሆነ ዕቃ ደግሞ የማንም አይደለም። የካርድ ማስገቢያው ላልቶ ስለነበር ፎቶው ተገልብጦ እስኪያልቅ ድረስ በአውራ ጣት ተጭኖ መያዝ ያስፈልግ ነበር። በዚያ ቀን ለዘገባው የሚሆኑ ሦስት ፎቶዎች ገለበጥኩ። አራተኛው ላይ ግንኙነቱ ተቋረጠ፤ ኮምፒውተሩም ካርዱ ፎርማት ይደረግ እንደሆነ ጠየቀኝ። ፎርማት ማለት ያለውን ሁሉ ማጥፋት ነው። «አይደረግ» አልኩና ካርዱን አወጣሁት። በጎኑ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች ሳብኩ፤ ተቆልፎ ሳለ ምንም አይጻፍበትም፣ ምንም አይጠፋበትም። ፖስታ ውስጥ ከትቼ «ጨንቻ፣ ሸማኔ፣ አይነካ» ብዬ ጻፍኩበትና መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። የሚታመን ሪደር ስገዛ እከፍተዋለሁ አልኩ።

ሳምንታት አለፉ፣ ወራትም ተከተሉ። ሽማግሌው በሚኒባስ ሾፌሮች ሁለት ጊዜ «ፎቶዬስ?» ብለው ላኩብኝ። ሁለት ጊዜ «ይመጣል» ብዬ መለስኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ ጥፋቱ የሪደሩ እንደሆነ ተናግሬያለሁ፤ እኔም አምኜበት ነበር።

አንድ አርብ ጠዋት ጥቁር የለበሰች ሴት ቢሯችን መጣች። ሠላሳዎቹን የጀመረች ትመስላለች። ከጨንቻ በመጀመሪያው መኪና እንደወረደች ጫማዋ ላይ ያለው ጭቃ ይናገራል። ስሜን ጠርታ ጠየቀችኝና የሸማኔው ልጅ መሆኗን ነገረችኝ።

«አባባ ማክሰኞ አረፈ» አለች።

እግዚአብሔር ያጽናሽ አልኩና ወንበር ሰጠኋት። አልተቀመጠችም።

«ወንድሞቼ አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ነው የሚሸምኑት። ለቀብሩ አልደረሱም። እሁድ ይገባሉ፣ ለቅሶው ያን ቀን ነው። አምስት ዓመት ሆናቸው አባባን ካዩ። ያንን ፎቶ ልውሰድ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ሌላ ፎቶ የላችሁም?»

«የመታወቂያው አለ። እሱ አባባ አይደለም፣ የደነገጠ ሰው ነው።»

«በስልክ ያነሳው ሰውስ?»

«የኛ ስልክ ጋሼ፣ መደወል ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ፖስታውን ከመሳቢያ አወጣሁ። ከጎኔ የሚቀመጠው ባልደረባዬ የቢሮውን ሪደር አንስቶ አቀበለኝ። «በአውራ ጣት ይዘን እንሞክረዋ!» አለ። አልቀበልም አልኩት። ልጅቱ እኔንም እሱንም አየች።

«ቢሞከር ምን አለበት?»

«ካርዱ አንድ ነው» አልኳት። «ይሄ ሪደር አንድ ጊዜ አቋርጦብናል። ድጋሚ ቢያቋርጥና ካርዱ ጨርሶ ቢበላሽ የምሰጥሽ ነገር የለኝም። ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ ወርደን ሌላ እንግዛ።»

ላፕቶፔንና ባዶ መለዋወጫ ካርድ ይዤ በሚኒባስ ወረድን። ፖስታውን እሷ ነበረች የያዘችው፤ ይስጡኝ ሳትል እጇን ዘረጋች፣ እኔም ሰጠኋት።

ሲቀላ የስልክና የኮምፒውተር ዕቃ የምትሸጥ አንዲት ሴት አውቃለሁ። ከቀልድ ጋር ካልሆነ ዕቃ አትሸጥም። ሦስት ዓይነት ሪደር መስታወቱ ላይ ደረደረችልኝ። እኔም ላፕቶፑን ከፍቼ አንድ ረጅም ቪዲዮ መለዋወጫው ካርድ ላይ ጫንኩና ሁሉንም በእሱ መሞከር ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ሊገዙ ነው ወይስ ፈተና ሊያወጡ?»

«ያለፈውን እገዛለሁ።»

የመጀመሪያው ለሁሉም ዓይነት ካርድ ቀዳዳ ነበረው፣ ሰማያዊ መብራትም ያበራል። ሲያነሱት ግን እንደ ባዶ ክብሪት ቀፎ ይቀላል፣ ካርዱም ውስጡ ይንቀጫቀጫል። ቪዲዮው ግማሽ ላይ ሲደርስ ገመዱን በጣቴ ነካ አደረግሁት፤ ተቋረጠ። ሁለተኛው ገመድ የለውም፣ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻ ገለበጠ። ልጅቱ ነካችውና ጣቷን መልሳ ሰበሰበች።

«ይሄ ካርዱን ይቀቅለዋል» አለች።

ሦስተኛው አንድ ቀዳዳና አጭር ወፍራም ገመድ ብቻ ነው ያለው። ከበድ ይላል፤ ካርዱ ሲገባ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ገብቶም አይላወስም። ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ ገለበጥኩ። ሁለተኛውን ጊዜ እየገለበጠ ሳለ ገመዱን አወዛወዝኩት፣ አልተቋረጠም። በሌላኛው የዩኤስቢ ቀዳዳ ደገምኩት። የተገለበጠውን ከፍቼ መጀመሪያውን፣ መካከሉን፣ መጨረሻውን አየሁ። በእጄ ዳሰስኩት፤ ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም።

ባለሱቋ ክንዷን አጣጥፋ ትመለከተኛለች። «ጋሼ፣ ሚስት ሲመርጡም እንዲህ ነበሩ?»

«እኔ ነኝ የተመረመርኩት።»

«ምስኪን! ምንዎን አይታ አሳለፈችዎት?»

ልጅቱ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሳቀች ለማለት አልደፍርም።

ከዚያ ፖስታውን ሰጠችኝ። መቆለፊያው እንደተቆለፈ መሆኑን አይቼ ካርዱን አስገባሁ። ኮምፒውተሩ ጥቂት አሰበና የፎቶዎቹን ዝርዝር አወጣ። ልጅቱ በትከሻዬ በኩል ተጠጋች።

«ይክፈቱት!»

«መጀመሪያ ይገልበጥ። ከተገለበጠ በኋላ እናያለን።»

«አንዱን ብቻ፣ ጋሼ።»

«ይገልበጥ።»

እንዲህ ያለ ጊዜ ላይ ጨካኝ እንደምመስል አውቃለሁ። ግን ካርዱ የሚነበበው አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንስ? ያቺን አንድ ጊዜ በማየት አላባክናትም። ሦስታችንም መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሞላ ተመለከትን። ሞላ። አንድም አልቀረም። ባለሱቋ «እልል!» ልትል አፏን ከፈተችና የልጅቱን ጥቁር ልብስ አይታ ዘጋችው።

የመጨረሻውን ፎቶ ከፈትኩት።

ሽማግሌው ነበሩ። ግንባራቸው፣ ዓይናቸው፣ ነጭ ጺማቸው፣ በትከሻቸው ላይ የጋቢው ጥለት፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ወጥቷል። ከደረታቸው በታች ግን ፎቶው የለም። ከዳር እስከ ዳር አመድ የመሰለ ግራጫ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው? እግሩስ?» አለች ልጅቱ።

ዘግቼ ከፈትኩት። ካርዱን አውጥቼ አስገብቼ እንደገና ገለበጥኩት። ያው ነው። የፎቶውን መጠን ከሌሎቹ ጋር አስተያየሁ፤ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ነበር። የተነሳበትን ሰዓት አየሁ፤ ልሄድ የቸኮልኩበት ደቂቃ ነው። ያኔ የሆነው ሁሉ በዓይኔ መጣ። ካሜራ ፎቶ ካነሳ በኋላ ካርዱ ላይ እስኪጽፍ አንዲት ቀይ መብራት ትበራለች። እሷ ሳትጠፋ ካርድ አይነካም። ይህንን ስንት ጀማሪ ዘጋቢ ቁጭ አድርጌ አስተምሬያለሁ። በዚያች ቀን የሾፌሩን ጥሩንባ ሰምቼ፣ መብራቷ እየበራች ነበር ካርዱን ያወጣሁት። ካሜራው ሽማግሌውን ከላይ ወደ ታች እየጻፈ ደረታቸው ላይ ሲደርስ፣ ከሚጽፍ ሰው ወረቀት እንደሚነጥቅ ካርዱን ነጠቅሁት።

«የሪደሩ ጥፋት አይደለም» አልኳት። «የቢሮውም አይደለም። እኔ ነኝ። ቸኩዬ ካርዱን አወጣሁት፣ ሳይጨርስ። የቀረው የትም የለም፣ ማንም አያመጣውም።»

ባለሱቋ የቀሩትን ሁለት ሪደሮች ቀስ ብላ ወደ ካርቶናቸው መለሰች።

«ፊቱ እሱ ነው» አለች ልጅቱ። «ግን ሸማኔ ነው። እጁ ከሌለ ሰው ምን ይላል?»

ሌሎቹን ፎቶዎች አንድ በአንድ አሳየኋት። አንዱን አስቆመችኝ። ሁለቱ እጆች ብቻ ናቸው፤ ቀኙ መወርወሪያውን ሊለቅ ሲል፣ ግራው ሊቀበል ተከፍቶ። «ይሄንንም» አለች። ከሰዓት በኋላ ሴቻ ወዳለ ፎቶ ቤት ሄደን ሁለቱንም በእኩል መጠን አሳተምን። የግራጫው ክፍል ተቆርጦ ወጣ። በጨርቅ ጠቅልላ በዘጠኝ ሰዓቱ መኪና ወደ ጨንቻ ወጣች።

እሁድ እኔም ወጣሁ። ማንም አልጠራኝም፤ መቅረት ግን አልቻልኩም። ለቅሶው ከቤታቸው በታች ባለው ሜዳ ላይ ነበር። በደጋው ልማድ ሐዘንተኛው የሟቹን ዕቃ ይዞ ሜዳውን እየዞረ ያለቅሳል። ታላቅየው ልጅ የፊቱን ፎቶ ደረቱ ላይ አቅፎ ከፊት ይሄዳል፤ እህቱ የእጆቹን ይዛ ከጎኑ ነበረች፤ ታናሽየው መወርወሪያውን ይዞ ይከተላቸዋል። ጉሙ አንድ ጊዜ ይሸፍናቸውና አንድ ጊዜ ይገልጣቸዋል። ከሰው ጋር ቆሜ ቆየሁ። ካሜራዬን አላመጣሁም ነበር።

ሰው ሲቀመጥ እህቱ ወደ እኔ ጠቆመች። ታላቅየው ፎቶውን እንዳቀፈ መጣ። ፀጉሩ መሸበት ጀምሯል። አጠገቤ ተቀመጠ።

«ያነሱት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ጉድለቱም የኔ ነው።»

«ነገረችኝ።» ፎቶውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አባታችሁ ደክሟል፣ አይነሳም ሲሉን ነበር። እኛ ደግሞ ከርሞ እንሄዳለን፣ ከርሞ እንሄዳለን ስንል... ይህንን ሲያነሱት አባባ ቆሞ ነበር? ወይስ ሰው ደግፎት ነው?»

በዙሪያችን የተቀመጡት ሰዎች ያዳምጡን ነበር። ቆመው ነበር ብዬ ዝም ማለት እችል ነበር፤ ውሸትም አይሆንም። ግን ከደረታቸው በታች ያለውን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ያየሁትን ደግሞ ቆርጬ አልናገርም።

«ቆመው ነበር» አልኩት። «ሰው አልደገፋቸውም። በግራ እጃቸው የሽመናውን ቋሚ እንጨት ይዘው ነበር። እግራቸው ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋቢያቸውን እስኪያስተካክሉ ቆይ አሉኝ፣ ቆየሁ። ከዚያ ቀና አሉ።»

«ቋሚውን?»

«ከበሩ በኩል ያለውን።»

አንገቱን ደፋ። «እሱን እኔ ነኝ የተከልኩት» አለ። «ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ስል።»

ከዚያ ታናሹን ጠራና ያልኩትን ሁሉ በጋሞኛ ነገረው። የእንጨቱን ነገር ሁለት ጊዜ ሲደግመው ሰማሁ።