ሁለት መቶ አርባ ሰባት ደረጃ

ኖሊን ፕራይተር አውስትራሊያ፣ ኒውካስል ውስጥ ከእኛ ቤት ሁለት በር አለፍ ብላ ነው የምትኖረው። ሃያ ሁለት ዓመት በሰፈሩ ትምህርት ቤት ካንቲን ሠርታለች፤ እዚህ ያደገ ሁሉ ልጅ ሳለ ሳንድዊቹን የተቀበለው ከእሷ እጅ ነው። የሚያስፈራት ነገር ብዙ አይደለም። አንዴ ጓሯችን የገባ እባብ በአካፋ አንስታ አጥር አሻግራ ስትጥለው ዓይኔ አይቷል። ከፍታ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ትሆናለች።

ነገሩ የጀመረው በአሥራ አንድ ዓመቷ ነው። አባቷ ስንዴ አምራች ነበር። ከታላቅ እህቷ ጋር ተወራርዳ የረጅሙን የእህል ጎተራ የብረት መሰላል ወጣች። ጫፉ ላይ ስትደርስ ወደ ታች አየች፤ ከዚያ በኋላ እጇ ብረቱን አልለቅም አለ። አባቷ ከማሳ ተጠርቶ መጥቶ፣ ከራሱ ጋር በገመድ አስሮ እስኪያወርዳት ድረስ ሁለት ሰዓት እዚያው ተጣብቃ ቆየች። ዛሬም ሲድኒ ሲሄዱ ትልቁን ድልድይ የምትሻገረው መኪናው ውስጥ አቀርቅራ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው። ባሏ ኮል "አልፈናል፣ ቀና በይ" ይላታል። አንዳንዴ ሳያልፉ ይላትና ሳምንት ታኮርፈዋለች።

ኮል የወደብ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የድንጋይ ከሰል መጫኛ ክሬን ጫፍ ላይ ተቀምጦ ምሳውን የበላ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ዓይኑ ከዳር ከዳር መጨለም ጀመረ፤ በቧንቧ ውስጥ እንደማየት ነው ይል ነበር። ሐኪሙ መኪና መንዳት ከለከለው፤ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ የቀረውም ሊሄድ እንደሚችል ሳይሸፋፍን ነገራቸው። ኮል ለሥራ ጓደኞቹ ትንፍሽ አላለም። ሚስቱን ግን አንድ ነገር ለመናት። ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ፣ ኒው ካሌዶኒያ አጠገብ አሜዴ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች፤ እዚያ ለመርከቦች መንገድ ከሚያሳየው የመብራት ማማ ጫፍ ላይ ሆኖ ባሕሩንና ከሥሩ እንደ ድንጋይ የሚያድገውን ኮራል ማየት ፈለገ። ኖሊን እሺ አለች። እሱ ይወጣል፣ እኔ ታች ጥላ ሥር እጠብቃለሁ ብላ ነበር።

ከሲድኒ በሽርሽር መርከብ ተነሡ። ኖሊን ስትመዘገብ ውኃው አጠገብ ያለ ዝቅተኛ ክፍል ነበር የጠየቀችው። የመርከቡ ሰዎች ግን ደስ ይበላችሁ ብለው አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ በረንዳ ያለው ክፍል ሰጧቸው። ኮል በደስታ ሊሞት ደረሰ። እሷ ገና እንደገባች መጋረጃውን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። ማታ በር በኩል ባለው አልጋ ጠርዝ ተጠግታ ተኛች፤ መርከቡ ባዘነበለ ቁጥር በረንዳው ሁለቱንም የሚውጣቸው ይመስላት ነበር። አሳንሰሩ በመስታወት የተሠራ ስለሆነ በደረጃ ትወርዳለች፤ እሱንም ግድግዳውን እየታከከች ነው። ሌላው ሰው ሰገነት ላይ ፀሐይ እየሞቀ ቁርሱን ሲበላ እሷ ታችኛው አዳራሽ ብቻዋን እንቁላሏን ትበላለች።

የምሳ ገበታ የሚጋራቸው ሬክስ የሚባል የቱዉምባ ከተማ ጡረተኛ ፖሊስ ነበር። ሬክስ ኮልን ማማው ላይ ይዤው እወጣለሁ ብሎ ቃል ገባ። ይህን ስትሰማ ኖሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳዋን ጨርሳ በላች። መርከቡ የኒው ካሌዶኒያ ከተማ ኑሜያ በቆመበት ጠዋት ግን ሬክስ ጉልበቱ አብጦ ከአልጋው መነሣት አቃተው። ኖሊን ወደ ደሴቷ በሚወስደው ጀልባ ላይ ተቀምጣ የኮልን እጅ ይዛ ሄደች። ነጩ ማማ ከሩቅ እንደ ክር ታየ፤ እየቀረቡ በሄዱ ቁጥር ረዘመ።

በሩ ላይ ባለአበባ ሰፊ ቀሚስ የለበሰች የአገሩ ተወላጅ፣ ኤሎዲ የምትባል ሴት ሰው ታስገባ ነበር። ኮል የበሩን ደፍ ሳያየው ተደናቅፎ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ያዘችው። ዓይኑን ልብ ብላ አየችና ብቻውን መውጣት እንደማይችል በትሕትና ነገረችው።

"ተይው በቃ" አላት ኮል ወደ ኖሊን ዞሮ። "ከዚህም ያምራል።"

ኮል ከዚህም ያምራል የሚል ሰው አልነበረም። ኖሊን ማማውን ወደ ላይ አየችና ቶሎ ዓይኗን ጨፈነች።

"ዝም ብለህ ግባ" አለችው።

ኤሎዲ ጠጋ ብላ፣ "እመቤቴ፣ ወደ መሃሉ አይመልከቱ። ግድግዳውን ብቻ ይዩ። ሲደክምዎት ይቀመጡ፣ ማንም አያስቸኩልዎትም" አለቻት።

ደረጃው ሁለት መቶ አርባ ሰባት ነው። በግድግዳው ዙሪያ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ መሃሉ ባዶ ነው። ኮል ፊት ሆኖ መደገፊያውን እየዳሰሰ ወጣ። እሷ ከኋላ ቀበቶውን ጨብጣ ዓይኗን ሸሚዙ ላይ ተከለች። እስከ ዘጠና ድረስ ቆጠረች። እዚያ ጋ ትንሽ መስኮት ነበረች፤ ዓይኗ ሳታዝዘው ወጣ፤ የዘንባባዎቹን አናት ከላይ አየች። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ቀኝ እጇ የመደገፊያውን ብረት ይዞ ቀረ።

ከላይ የሚወርዱ ሰዎች ቆሙ፣ ከታች የሚወጡም ቆሙ። ከዚህ ማን ሊያወርደኝ ነው ብላ አሰበች። እንደማትንቀሳቀስ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም እንደማትሄድ ለኮል ነገረችው። ኮል አልቀለደም። አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠና ሰዎቹን አሳለፈ።

"ካንቲን ሳለሽ ዓርብ ዓርብ ስንት የሥጋ ፓይ ነበር የምታሞቂው?" አላት።

"አሁን የፓይ ሰዓት ነው እንዴ?"

"ስንት ነበር?"

"መቶ ስልሳ" አለች በንዴት። "መቼም አትሰማኝም፣ ስንቴ ነግሬሃለሁ።"

"ምድጃው አርባ ብቻ ነው የሚይዘው ብለሽኝ አልነበር?"

ታስረዳው ጀመረች። የመጀመሪያው ዙር መቼ እንደሚገባ፣ ትሪዎቹ በየትኛው መደርደሪያ እንደሚሞቁ፣ የሁለተኛ ክፍል ልጆች ለምን ቀድመው እንደሚበሉ። ሦስተኛው ዙር ላይ ስትደርስ ኮል ተነሣ፤ እሷም እያወራች ቀበቶውን ይዛ ተነሣች። ሶሱን ማን እንደሚያፈስ፣ ማን እንደሚሰርቅ እየተናገረች ጫፍ ደረሱ።

በማማው ጫፍ ዙሪያ ወዳለው ሰገነት አልወጣችም። በሩ ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ እግሯን ግድግዳው ላይ ወትራ ቀበቶውን በሁለት እጇ ያዘች። ነፋሱ ሸሚዙን ሲያራግበው ዓይኗን ጨፈነች። ኮል መደገፊያው ጋ ቆሞ አንገቱን ቀስ እያለ ከግራ ወደ ቀኝ አዞረ፤ ባሕሩን ቁራጭ በቁራጭ ነበር የሚያየው። አንዱን ቁራጭ ጨርሶ ሌላውን ይጀምራል። ብዙ ቆየ። "ምን ይታይሃል?" አለችው።

አሸዋው አጠገብ ውኃው ወተት የነካው እንደሚመስል፣ ከዚያ አረንጓዴ እንደሚሆን፣ ማዕበሉ ኮራሉ ላይ የሚሰበርበት ነጭ መስመር እንዳለና ከመስመሩ ወዲያ ጥቁር ሰማያዊ እንደሆነ ነገራት። ድምፁ ሲሰበር ሰማች። ዓይኗን ገለጠች። አንዲት ሰማያዊ ስንጥቅ አየችና መልሳ ጨፈነች።

መውረዱ ባሰ። ኮል እግሩ ሥር ያለውን ደረጃ ጨርሶ አያይም። ስለዚህ ኖሊን ቀደመችው፤ ፊቷን ወደ እሱ አዙራ እንደ መሰላል ወደ ኋላ ወረደች። አንድ እጇ መደገፊያው ላይ፣ ሌላው እጇ የኮል ጫማ ላይ ነበር። እግሩን እያነሣች ደረጃው ላይ ታስቀምጣለች፣ አንድ ደረጃ ትወርዳለች፣ ሌላውን እግር ታነሣለች። ጀልባው ጡሩንባውን ሲነፋ ገና ግማሽ ላይ ነበሩ። ጥለውን ይሄዳሉ የሚል ሌላ ፍርሃት መጣባት። ቢሆንም አልፈጠነችም።

ታች ሲደርሱ ከዛፍ ጀርባ ሄዳ አስመለሳት። ኤሎዲ ውኃ አመጣችላት፤ ጀልባውን ለምና ያስቆመችውም እሷ ነበረች። ኖሊን ልታመሰግናት እጇን አጥብቃ ጨበጠች።

ያን ዕለት ማታ ኮል ወደ በረንዳው እንድትወጣ ጠየቃት። አልወጣችም። አሁን ኮል ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። በየጠዋቱ ክንዷን ይዞ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳሉ፤ በመንገድ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ ስለዚያ ውኃ ቀለም ያወራል፣ እሷም ሰዎቹ እንዲቸኩሉ አትፈቅድም። ባለፈው ሳምንት የጣሪያቸው አሸንዳ በቅጠል ተደፍኖ ነበርና መሰላል ይዤ ሄድኩ። እኔ ላይ ሆኜ ቅጠሉን ስጠርግ ኖሊን ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ወርጄ እስክጨርስ አልወጣችም።