እልልታውን ተከትዬ

የያዝኩት እጅ አምባር በአምባር ነው። የኔ ልጅ አምባር የላትም። ዝቅ ብዬ ሳይ አንዲት የማላውቃት የህንድ ልጅ አፍጥጣ ታየኛለች። ደንግጬ ለቀቅኳት። የሰባት ዓመቷ ልጄ የለችም።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ህንዷ ጎረቤታችን እንሂድ ብላ፣ ለምና፣ የሃይማኖት በዓላቸውን እንድናይ በመኪናዋ አመጣችን። ባሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ሄርንደን ከተማ ሥራ ላይ ነው፤ ከግድግዳ ጋር ከመፋጠጥ ይሻላል ብዬ ወጣሁ። አምላካቸውን በአበባ ያጌጠ ትልቅ ሰረገላ ላይ አስቀምጠው ሰዉ በገመድ ይጎትታል። ጎረቤቴ ልትጎትት ገባች፤ እኔ እምነቴ ስላልሆነ ዳር ቆምኩ። ሰረገላው ሲያልፍ ሰዉ ገፋን። የልጄ እጅ ያመለጠኝ ያኔ ነው።

ፖሊስ ዘንድ ሮጥኩ። "ማይ ዶተር" አልኩት፣ ልጄ ጠፋችብኝ ለማለት። ምን ለብሳለች አለኝ። "የሎ።" ዞር ብሎ መንገዱን አየ። ሰዉ ግማሹ ቢጫ ለብሷል። ስሟን ጠየቀኝ፤ ሦስቴ አስደገመኝ፤ ሊይዘው አልቻለም።

ስሟን እየጠራሁ ጮህኩ። ከበሮው ዋጠው። ሰዎቹ አብሬያቸው የምዘምር መስሏቸው ፈገግ ይሉልኛል።

ድንገት ከፊት እልልታ ሰማሁ። የኛው እልልታ! ሀበሻ አለ፣ በቋንቋዬ የሚያፋልገኝ ሰው አገኘሁ ብዬ እየተጋፋሁ ሄድኩ። ስደርስ ህንዶች ናቸው። ቀይና ነጭ ሻሽ መሳይ ልብሳቸውን የተጠመጠሙ ሴቶች እንደኛ እልል ይላሉ። አንድም ሀበሻ የለም። ልመለስ ዞርኩ።

"ማሚ!"

ከመሀላቸው ወጣች። አንዲት አሮጊት ትከሻዋን ይዘዋታል።

"የት ሄደሽ ነው? አንቺ እኮ ነሽ የጠፋሽው!" አለችኝ።

"እዚህ ምን ልታደርጊ መጣሽ?"

"እልል ሲሉ አንቺ ነሽ ብዬ ነዋ! በርዝደዬ ላይ ትዪ የለ?"

እውነቷን ነው። ልደቷን ሦስታችን ብቻ ስናከብር፣ የምትቀበለኝ ሴት ሳትኖር ለብቻዬ እልል እላለሁ። ታፍርብኝ ይሆን እል ነበር።

አሮጊቷን ጉንጫቸውን ሳምኳቸው። ምን እንዳሉኝ አላውቅም፤ ምን እንዳልኳቸውም አያውቁም። ለፖሊሱ ልጄን ከሩቅ ከፍ አድርጌ አሳየሁት፤ ጎረቤቴም መጥታ ቤት አደረሰችን።

በሩን ቆልፌ ባሌ ጋ ደወልኩ።

"ምነው? ሥራ ላይ ነኝ እኮ" አለኝ።

"ምንም። ቤታችን ገብተናል። ልጅቷ አጠገቤ ናት። ደህና ነን" አልኩት።