እትዬ ወርቅነሽ፣ የሶር ወንዝና ያ ፀጉራቸው

የመቱዋ አዋላጅ እትዬ ወርቅነሽ ባለፈው እሑድ ማለዳ ቡሬ ልጃቸው ቤት አርፈዋል። የሰማችሁም ያልሰማችሁም ስላላችሁ ይህን ለሁላችሁም እጽፋለሁ። የወንድሜ የጋሼ ተሰማ ባለቤት ነበሩ። በጠላት ዘመን በአንድ ቤት ስለኖርን እንደ እኔ የሚያውቃቸው፣ እንደ እኔም በእሳቸው የተማረረ ሰው የለም። በሙት ላይ ማማረር ነውር ከሆነ እሳቸው ይቅር ይበሉኝ፤ ያማረሩኝ እሳቸው ናቸውና።

ጣሊያን መቱ ሲገባ ጋሼ ከአርበኞች ጋር ወደ ያዮ ጫካ ወረዱ። ብዙም ሳይቆይ የሶር መሻገሪያ ላይ ዘበኛ ቆመ፤ የጣሊያንን ወረቀት ያልያዘ አያልፍም ተባለ። እትዬ ወረቀቱን አልለምንም አሉ። ማዶ ያሉት እርጉዞች ግን መውለዳቸውን አላቆሙም። ስለዚህ እትዬ ከመሻገሪያው በታች፣ ውሃው ጋብ በሚልበት ስፍራ፣ በዋና ይመላለሱ ጀመር። ወንዝ ዳር ስላደጉ ዋናው አላስቸገራቸውም። ያስቸገረን ፀጉራቸው ነው።

ወገባቸው ድረስ ይወርድ ነበር። ድፍርሱ ውሃ ሲመላለስበት መድረቅና መሰባበር ያዘ። እሳቸውም መላ አበጁለት። ወንዝ ከመግባታቸው በፊት በምንጭ ውሃ ያርሱታል፤ «አስቀድሞ ንጹሑን የጠጣ ፀጉር የወንዙን ጭቃ አይጠጣም» ይሉ ነበር። ከዚያ ቅቤ ይቀቡታል፣ በወፍራሙ ይጎነጉኑታል፣ አናታቸው ላይ ጠምጥመው በሻሽ ጥብቅ አድርገው ያስሩታል። ሲመለሱ እንደገና በምንጭ ውሃ ማለቅለቅ ነው። መጭመቅ ክልክል! በነጠላ ጫን ጫን እያደረጉ ያደርቁትና ከጫፉ ጀምረው ወደ ላይ በሚዶ ያበጥሩታል። እኛ ጎመን በጨው ስንበላ የእሳቸው ፀጉር በቅቤ ይወዛል!

አንድ ቀን ከማዶ አንድ ሰውዬ «ዳፋ! ዳፋ!» እያለ ፍጠኑ ሲል ይጮሃል፤ ሚስቱን ምጥ ይዟታል። እትዬ ቁጭ ብለው ይጎነጉናሉ።

«ኧረ እትዬ፣ ሴትዮዋ ልትወልድ ነው!»

«የመጀመሪያዋ ነው፤ ቶሎ አይመጣም። ይልቅ ያንን ጎን ያዥልኝ።»

ያዝኩላቸው። ምን ላድርግ! ከሰዓት በኋላ ወንድ ልጅ አዋልደው፣ ሻሻቸው እንኳ ሳይላላ ተመለሱ።

በመጨረሻ ግን ያው ፀጉር አሲያዛቸው። ወንዝ ዳር ስጠብቃቸው ቆይቼ፣ እሳቸውም ልብስ ቀይረው አብረን ስንመለስ ዘበኞች አገኙን፤ የረጠበው ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ ያንጠባጥባል። ሹሙ ዘንድ ወሰዱን። ሹሙም በአስተርጓሚ «ወይ ፀጉርሽን ትቆረጫለሽ፣ ወይ ትታሰሪያለሽ» አላቸው።

«እባክዎ እትዬ፣ ይቆረጡት! መልሶ ይበቅላል!» ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸው እጃቸውን ለሰንሰለት ዘረጉ።

ከወህኒ ሲወጡ ፀጉራቸው ተጣብቆ እንደ ምንጣፍ ሆኗል። ማፍታታቱ እኔ ላይ ወደቀ። ብፈታው ብፈታው አላልቅ ሲለኝ «ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለማን ነው?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ሴት ፀጉሯን የምትቆርጠው ባሏ ሲሞት ነው። ተሰማ ሞተ ብሎ ያረዳኝ የለም። እኔ ቀድሜ አልቀብረውም» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅቤውን የማቀልጠው እኔ ነበርኩ። መነጫነጬን ግን አልተውኩም።

ጠላት ሲወጣ ጋሼ ከስተው፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ መጡ። እትዬ ሻሻቸውን ፈትተው ፊታቸው ቆሙ። ጋሼ አየት አደረጓቸውና «የሚበላ አለ?» አሉ። ስለ ፀጉሩ አንዲት ቃል የለም! ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። እትዬ ግን እየሳቁም እያለቀሱም ማዕድ አቀረቡ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጋሼ ሲያርፉ እትዬ መቀስ አምጥተው እጄ ላይ አኖሩ። ያን ሁሉ ዘመን ይቆረጡት እያልኩ የጨቀጨቅኩት እኔ፣ መቀሱን መልሼ ዘረጋሁላቸው።

«ምነው? ስትለምኚኝ አልነበረም? በይ ቁረጪ» አሉኝ። ቆረጥኩት።

እትዬ ወርቅነሽ፣ ማዶ ያዋለዷቸው ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ሆነው፣ ከኡካ ሳይቀር መጥተው አስከሬንዎን ተሸከሙ። እኔ ግን አኩርፌዎታለሁ፤ ታምሜያለሁ እንኳ ሳይሉኝ ሄዱ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነዎት፤ የልብዎን የሚናገሩት ሰው ጮሆ ሲያልቅ ነው። ይኸው አሁንም ጮህኩ፣ እርስዎ ግን ዝም አሉኝ። ይረፉ እንግዲህ፣ እህቴ። ጋሼን ሲያገኟቸው እህትዎን ናፍቀዋታል ይበሉልኝ።